የጉምበሮች የገና ቁጣ

በጉምበር ደጋ ለገና የሚጠጣ ትኩስ መጠጥ አለ፤ ስሙም «ቁጣ» ይባላል። ጠጅ በሸክላ ድስት ለስለስ ያለ እሳት ላይ ይጣዳል፣ የተወቀጠ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ቅርንፉድ ይገባበታል፣ ሊፈላ ሲል ይወርድና አረቄ ጠብ ይደረግበታል። እንፋሎቱ ዓይን ያስነባል፤ አንድ ጉንጭ የተጎነጨ እስከ እግር ጥፍሩ ይሞቀዋል። የሌላ አገር ሰው «ጠጅ ደግሞ እሳት ላይ ይጣዳል?» ብሎ ይስቅብናል። ይሳቅ። ቁጣ ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚጠጡት ነገር አይደለም። በገና ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ድስቱ ወደ ደጅ ይወጣል፤ አባወራው ጋቢውን አውልቆ ውርጩ ላይ ይቆምና በመጀመሪያ ለመንገደኛ፣ ከዚያ ለጎረቤት፣ ከዚያ ለቤተሰቡ ይቀዳል፤ እሱ የሚቀምሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ሽማግሌዎች ስለ ልማዱ አመጣጥ ሲጠየቁ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ታሪኩን ሳይቆጣ ጀምሮ ሳይቆጣ የጨረሰ ሰው የለም ይባላል።

እንደሚነገረው በድሮ ዘመን ጉምበርንም ከሥሩ ያለውን ቆላም የሚገዛ ባላምባራስ ደግአረገ የሚባል ባላባት ነበር። ስሙን ያወጡለት ወላጆቹ ናቸው፤ እነሱ ምን ያድርጉ። ይህ ሰው በየዓመቱ ለገና ታላቅ ግብር ያበላ ነበር፤ የቆላ ንብ አርቢዎችም የዓመቱን ማር በጀርባቸው አዝለው፣ ገደሉን ወጥተው የሚያስረክቡት በዚያው ዕለት ነበር። በሌላ ቀን ቢያመጡለት ደስ አይለውም። የማሩ ብዛት በእንግዶቹ ፊት እንዲታይለት ይፈልጋል።

ጠጁን የምትጥለው አንጓች የምትባል የቆላ ሴት ነበረች። በልጅነቷ ወደ ጓዳው ገብታ፣ ጌሾ ስትወቅጥና ጋን ስታጥን አድጋ፣ እጁ እንደ እሷ የጣፈጠ ሰው አልነበረም ይባላል። ከዘመድ የቀራት አንድ ወንድሟ ቢሻው ነበር፤ እሱም ንብ አርቢ ስለሆነ የምታየው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለገና፣ ማር ተሸክሞ ሲመጣ ብቻ ነው።

ታሪኩ የተፈጸመበት ገና ውርጩ የገብሱን ማሳ ያቃጠለበት ዓመት ነበር አሉ። ንብ አርቢዎቹ በማለዳ ከደጁ ደረሱ። የቆላ ሰዎች ናቸውና ከስስ እጀ ጠባብ በላይ ያላቸው አንዳንድ ጋቢ ብቻ ነው። የግቢው አዛዥ ወጣና «እንግዶች ከማዕድ ተነስተው ማሩን ሊያዩ እስኪወጡ አትገቡም፤ ጭስ ጭስ ትሸታላችሁ፤ ደግሞ ማሩ በብርድ ከረጋ ጌታዬ ይቆጣሉና ጋቢያችሁን አልብሱት» አላቸው። አለበሱት። ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ እንዲህ ይላሉ፦ ማሩ ጋቢ ለብሶ ሰዉ እርቃኑን ቆመ።

አንጓች ወንድሟ መምጣቱን ሰምታ አዛዡን ለመነችው። «እባክዎ አዛዥ፣ ማድ ቤት ጥግ ይግቡና እሳት ይሙቁ።» እምቢ አላት። «እንግዲያስ አንዳንድ ብርሌ ላድርስላቸው» አለች። «ጠጁ የእንግዳ ነው» አላት። አዳራሹ ውስጥ አዝማሪው ይዘፍናል፤ እሷ ትቀዳለች፤ ጉሙ እኩለ ቀን እስኪሆን ድረስ ከደጁ አልተነሳም። በመጨረሻ አላስችል ስላላት ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ያለ ፈቃድ ወጣች።

ቢሻው የማሩን እንስራ አቅፎ ከአጥሩ ተደግፎ ተቀምጧል። ጠራችው። ትከሻውን ነካችው። ከዚያ እጁን ያዘች፤ እጁ ድንጋይ ሆኗል። በእንስራው ላይ የተጠመጠመውን ጋቢ ዳሰሰችው፤ ጋቢው ደረቅ ነበር፣ ከሥሩም እንስራው ለብ ብሏል። የቀሩት ንብ አርቢዎች ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ «ያሸለበ መስሎን ነበር፣ እትዬ» አሏት።

አልጮኸችም፤ ፊቷንም አልነጨችም። ወደ ጓዳ ተመለሰችና ለባላምባራሱ የተለየውን ጠጅ በትልቅ ድስት ገልብጣ እሳት ላይ ጣደችው፤ ለዶሮ ወጡ የተዘጋጀውን ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ እጇ የያዘውን ያህል ጨመረችበት፣ አረቄውንም ደፋችበት። ሴቶቹ «አበድሽ? የጌታን ጠጅ!» ሲሏት ዞር ብላ አላየችም። ድስቱን ተሸክማ ወጣች፣ ጋቢዎቹን ከማሩ ላይ እየገፈፈች ለሰዎቹ አለበሰች፣ ትኩሱንም በየአፋቸው አደረገችላቸው። ደማቸው ተመለሰ።

ሽታው አዳራሹ ድረስ ገብቶ ባላምባራሱ እንግዶቹን አስከትሎ ወጣ። ጅራፍ ይዞ ነበር ይባላል።

«ጠጄን በእሳት የምታቃጥል ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«የሞተው ፈቀደልኝ» ብላ ወደ ቢሻው አመለከተች። «ይህ ወንድሜ ነው። ማርዎን አልብሶ እሱ በረደው።»

ባላምባራሱ አስከሬኑን አየ፤ እንግዶቹንም አየ፤ ነገሩን በጨዋታ ሊያሳልፈው ፈልጎ ሳቅ አለና «በይ ግቢ፤ ዛሬ ገና ነው፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ ይባል የለ?» አላት።

«ጌታ አይቆጡም ነው የተባለው» አለች አንጓች። «ገረድ አትቆጣም ያለ የለም። እርስዎ ካልተቆጡ እኔ ልቆጣ።»

ጅራፉን ሲያነሳ ንብ አርቢዎቹ በመካከል ገቡ። ከእንግዶቹም የጉምበር ገበሬዎች አንድ በአንድ ብርሌያቸውን መሬት ላይ እያኖሩ ወጡ፣ ጋቢያቸውንም ለቆላ ሰዎች እየደረቡ ቢሻውን በቃሬዛ አንስተው ወሰዱት፤ አንጓችም ተከትላቸው ሄደች። አዳራሹ ባዶ ቀረ።

በተከታዩ ዓመት አንድ እንስራ ማር ገደሉን አልወጣም። ባላምባራሱ አሽከር ሰደደ፤ ንብ አርቢዎቹ ቀፏቸውን አውርደው ወንዝ ተሻግረዋል። ጠጅ የሚጥል ፈለገ፤ በጉምበር ያለች ሴት ሁሉ እጇን አመማት። ግብር የማያበላ ጌታ ደግሞ ማን ይከተለዋል? በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። ቆላና ደጋ መክሮ ፈረደበት፦ በገና ጠዋት ከገዛ ደጁ ላይ ያለ ጋቢ ቆሞ፣ አንጓች እንዳደረገችው ጠጁን አሙቆ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ በገዛ እጁ ቀድቶ፣ እሱ በመጨረሻ ይጠጣ።

ቆመ። ቀዳ። አንዳንዶች አለቀሰ ይላሉ፤ ሌሎች ዓይኑን ያስነባው እንፋሎቱ ነው ይላሉ። አንጓች ተራዋ ሲደርስ ዋንጫውን ከእጁ ተቀብላ አየችውና ሳትቀምስ ከኋላዋ ለነበረው ሰው አሳለፈችው። የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ ታርቀሻል እኮ» ሲሏት «እርቁን ተቀብያለሁ፣ አባ። ቁጣዬን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም አልሰጥም» አለች ይባላል። መጠጡም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ባላምባራሱም አዳራሹም ዛሬ የሉም። ጉምበር መንገድ ገብቶለታል፣ ሆቴልም ተሠርቶበታል፤ ሆኖም በገና ጠዋት ወደዚያ የወጣ ሰው አባወራዎች በየደጃቸው በእጀ ጠባብ ቆመው ሲንቀጠቀጡ ያያል፤ አባወራውም የመጨረሻዋን ዋንጫ ወደ አፉ ከማስጠጋቱ በፊት ወደ መንገዱ ዞሮ ጮክ ብሎ ይጣራል፦ «ያልጠጣ አለ?» መልስ ከመጣ ዋንጫው የዚያ ሰው ነው።