«ከነ» ብላ የሸጠች ጃርት

ተረት ልነግራችሁ ነውና ጆሮአችሁን ከነልባችሁ አምጡልኝ። ዛፍ በሚዳኝበት፣ ወንዝ በሚሳደብበት፣ ቁራ ደላላ በነበረበት በዚያ በጥንቱ ዘመን አንዲት ጃርት ነበረች።

ጃርቲቱ ከወንዙ ወዲህ ትኖራለች። እናቷ ከወንዙ ወዲያ ትኖራለች። እናቷ አርጅታለች፤ ዓይኗም ፈዟል። በየክረምቱ ወንዙ እየሞላ እስከ እናትየዋ ጉድጓድ አፍ ድረስ ይደርሳል። ባለፈው ክረምት የጃርቲቱ ታናሽ እህት «እናቴን ላምጣ» ብላ ውሃው ውስጥ ገባች፤ ወንዙም ይዟት ሄደ።

ጃርቲቱ ወንዙ ዳር ቆመችና «በአንተ ላይ ድልድይ እሠራለሁ» አለችው።

«አንቺ? ግንድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ገመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ማሰሪያ ጠፍርስ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን አለሽ?»

«እሾህ አለኝ።»

ወንዙ ትን እስኪለው ድረስ ሳቀ።

«ሳቅ» አለችው። «የዘንድሮው ዝናብ ሳይመጣ እናቴን በራስህ ላይ አሻግራታለሁ።»

ቤቷ ገብታም እሾኋን አየችው። እንደ ወስፌ የሾለ ነው። እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ነው። ከጀርባዋ ጥቂት ነቀለችና ማበጠሪያ ቤት ከፈተች። በጎች መጡ፤ ፍየሎች መጡ፤ ጭራው የተቋጠረበት ፈረስ መጣ። ሁሉም አምሮባቸው ሄዱ።

ደላላው ቁራ ይህን አየና መጣ።

«እመት ጃርት፣ ይህን ቤት ሽጪው» አላት።

«ለማን?»

«ለአያ ዝንጀሮ። ገመድ ሲገምድ ነው የሚውለው፤ ቤትሽን ካየ ወዲህ ግን እጁ አልሠራ ብሎታል። ብቻ ስትሸጪ ‹ከነ› በይ።»

«‹ከነ› ደግሞ ምንድን ነው?»

«አይ ያንቺ ነገር! ‹ከነ› የሌለው ቤት ባዶ ግድግዳ ነው። ሻጭ ሁሉ ‹ከነ› ይላል። ለማሳመር ነው።»

የዚያ አገር ሽያጭ የሚፈጸመው በዋርካው ሥር ነበር። ዋርካው ምስክርም ዳኛም ነው። ጃርቲቱ ከሥሩ ቆማ «ቤቴን ለአያ ዝንጀሮ ሸጥኩ፤ ከነዕቃው!» አለች። ዋርካው «ሰምቻለሁ» አለ። ዝንጀሮም ረጅም ገመድ ሰጣት።

በማግስቱ ማበጠሪያዎቿን ልትወስድ ስትሄድ ዝንጀሮ በሩ ላይ ተገተረባት።

«ወዴት ነው?»

«እሾኼን ልወስድ።»

«የምን እሾህ? ዕቃ ነው እንጂ! ‹ከነዕቃው› አላልሽም?»

ጃርቲቱ ደነገጠች። ግን ገመዱ መኖሪያዋ ገብቶ ነበርና እሾሁን ትታለት ተመለሰች።

ከጀርባዋ ሌላ እሾህ ነቀለችና መስፊያ ቤት ከፈተች። የተቀደደ ስልቻ ትሰፋለች፤ የተተረተረ ኮርቻ ትጠግናለች። አህያ በየቀኑ ትመጣለች። ኮርቻዋ ባይቀደድም ትመጣለች፤ ጃርቲቱ ስትሰፋ እሷ ወሬ ታወራለች።

ቁራ እንደገና መጣ። «ከርከሮ ቤትሽን ፈልጎታል። በክራንቻው የገነደሰው ዐሥር ግንድ አለው። ‹ከነ› ማለቱን እንዳትረሺ!»

ጃርቲቱ ዋርካው ሥር ቆማ «ቤቴን ለከርከሮ ሸጥኩ፤ ከነደንበኛው!» አለች። ዋርካው «ሰምቻለሁ» አለ። ከርከሮም ዐሥሩን ግንድ አስረከባት።

በማግስቱ አህያ በደጇ ስታልፍ ፊቷን አዞረችባት።

«ምነው እመት አህያ? ሰላምታም ቀረ?»

«ሸጠሽኝ የምን ሰላምታ ነው?»

«እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ!»

«ከርከሮ ‹ደንበኛዬ ነሽ፤ እሷ ደጅ እንዳላይሽ› ብሎኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ጭነት ስሸከም ኖሬአለሁ፤ ራሴ ጭነት መሆኔን የሰማሁት ግን ዛሬ ነው።»

ጃርቲቱ ክው አለች። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አላት። ግን ግንዱ በደጇ ተከምሮ ነበርና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የቀራት ጠፍር ብቻ ነው። ጠፍር ደግሞ ያለው ጅብ ዘንድ ነው፤ የበላውን ሁሉ ቆዳ ሰብስቦ ያስቀምጣል። ስለዚህ ጃርቲቱ ሥጋ በላተኞች በሚውሉበት ሰፈር ጥርስ መጎርጎሪያ ቤት ከፈተች። አንበሳ መጥቶ አፉን ከፈተ። ነብር መጥቶ አፉን ከፈተ። እሷም እየፈራች ከጥርሳቸው መሐል አጥንት አወጣች። ጅብ ግን ጥርሱን ሳይሆን ቤቱን ነበር የሚያየው።

አንድ ቀን በተራራው ላይ ደመና ጠቆረ። ጃርቲቱ ራሷ ቁራን ጠርታ «ዛሬውኑ አሻሽጠኝ» አለችው። ዋርካው ሥር ተገናኙ።

«አያ ጅቦ፣ ቤቴን ከነዕቃው፣ ከነደንበኛው ሸጥኩልህ» አለች።

ጅብ አዛጋ። «እሱንማ ለዝንጀሮና ለከርከሮም ብለሻቸዋል። ለኔስ ምን ትጨምሪልኛለሽ?»

ጃርቲቱ ደመናውን አየች። ቁራ ጆሮዋ ሥር «‹ከነባለሙያው› በይው፤ ለማሳመር ነው» አላት።

«ከነባለሙያው!» አለች።

«ሰምቻለሁ» አለ ዋርካው። ቅጠሉ ግን ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ጅብም ጠፍሩን አመጣ። ጎረቤት ሁሉ በደቦ ወጣ፤ ጦጣ አሰረች፤ በሬ ጎተተ፤ አህያም ኩርፊያዋን ትታ መጣች። ግንዱ ተጋደመ፤ ገመዱ ተወጠረ፤ ጠፍሩ ጠበቀ። በስድስተኛው ቀን ድልድዩ ቆመ። ወንዙም ሳቁን ተወ።

የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ጃርቲቱ የፊት እግሯን ድልድዩ ላይ አሳረፈች።

«በሕግ አምላክ!»

ሁሉም ባሉበት ደረቁ። ጅብ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ምን ሆነሃል? እናቴን ላመጣ ነው።»

«የኔ ንብረት የትም አይሄድም። አንበሳ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው።»

«ንብረቱ የታለ?»

«አንቺ ነሻ! ‹ከነባለሙያው› ብለሻል። የዚያ ቤት ባለሙያ ማን ነው? ቁራ ነው? እኔ ነኝ?»

ጃርቲቱ ዞር አለችና ቁራን ፈለገችው፤ በሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ላባውን ይለቅማል። አህያ «ውይ!» አለች።

«ዋርካው ይፍረድ!» አለች ጃርቲቱ።

«ብለሻል ወይስ አላልሽም?» አላት ዋርካው።

«ብያለሁ። ግን ለማሳመር ነበር።»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልጄ። ቤቱ ባለሙያውን ያገኛል።»

ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጃርቲቱ ወዲያ ማዶ አየች። እናቷ ከማንም ጋር አትወጣም፤ ዓይኗ የማያይ አሮጊት ሰው በድምፅ እየለየች ነው የምትኖረው። ጃርቲቱ ድልድዩን አየች። ጅቡን አየች። ከዚያ እጇን ወደ ጀርባዋ ላከችና አንድ እሾህ ነቀለች። ጅቡ እግር ሥር ጣለችው። ሁለተኛ ነቀለች። ሦስተኛ ነቀለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጅብ።

ይባስ ብላ በእፍኝ መንቀል ጀመረች። ደሟ በጎኗ ወረደ። ጦጣ ዓይኗን ሸፈነች። በሬው መሬት መሬት አየ። አህያ አለቀሰች። ጃርቲቱ ግን አንድም ሳታስቀር ነቀለች፤ እሾሁም ከእሷ ይልቅ ረጅም ክምር ሆነ።

«ሙያዬ ያውልህ» አለች። «ያበጠርኩት በእሱ ነው። የሰፋሁት በእሱ ነው። አንበሳን የጎረጎርኩት በእሱ ነው። አሁን የቆመችው ምንም የማታውቅ ራቁቷን የሆነች አውሬ ናት። ዋርካው፣ እኔ ባለሙያ ነኝ?»

ዋርካው ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጎ ጀርባዋን አየ። «አይደለሽም» አለ በመጨረሻ። «አያ ጅቦ፣ ክምርህን ይዘህ ሂድ።»

ጅብ አንዴ ክምሩን፣ አንዴ እሷን አየና ወደ ኋላው ሸሸ።

ጃርቲቱ በድልድዩ ላይ ሮጠች። ወንዙ ከሥሯ እየፎከረ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ደርሳ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ነይ እንሂድ!» አለች።

እናትየዋ እጇን ዘርግታ ዳሰሰቻትና ወደ ውስጥ ሸሸች። «ድምፁ የልጄ ነው፤ ገላው ግን የልጄ አይደለም። ልጄ እሾህ አላት።»

«እኔው ነኝ እማዬ!»

«አታታልይኝ!»

ውሃው እግራቸውን ነካ። ጃርቲቱ የእናቷን እጅ ይዛ፣ የደማውን ጀርባዋን ቀዳዳ በቀዳዳ አስዳሰሰቻት።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለች እናትየዋ።

«ራሴ ነኝ።»

«ለምን?»

«አንቺን ለመውሰድ።»

አሮጊቷ ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻት። ከዚያም «ከኔ በቀር እንዲህ ያለ ሞኝ የወለደ የለም። ነይ፣ ውሰጂኝ» አለች።

ተያይዘውም ተሻገሩ።

የጃርት እሾህ እስከ ዛሬ ድረስ ሲነኩት በቀላሉ የሚነቀለው ለዚህ ነው ይባላል። የሚሸጥ ቤት ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ፦ ሥራችሁን ሽጡ፤ «ከነ» ስትሉ ግን ከኋላው ማን እንደቆመ ዞር ብላችሁ እዩ።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ውሸቱን ለነፋስ ስጡት፣ እውነቱን ለራሳችሁ አስቀሩት።