አህያ ንግግሯን ስታስፈጭ

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ «ትግባ» በሉኝማ። ገባች እንግዲህ።

በድሮ ዘመን፣ ከብቶች በራሳቸው ሸንጎ በሚዳኙበት ዘመን፣ በአንድ የነጋዴ መንደር ያረጀች በቅሎ ነበረች። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ጭነት አቆመች። በጋው ጠና፣ ሣሩ አለቀ። ከብቶቹም ተሰብስበው «የማትሠራ አብራን አትበላም፤ ከበረት ትውጣ» ተባባሉ፤ ነገሩ በሸንጎ እንዲፈረድም ቀን ቀጠሩ። ውጭ ደግሞ አያ ጅቦ አለ። በቅሎ አትወልድምና የሚሟገትላት ልጅ አልነበራትም።

አህያ ይህን ስትሰማ «ለእሷ እኔ እናገራለሁ» አለች። አለች እንጂ ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት። በሸንጎ ፊት ቆማ አታውቅማ።

ጓሮ ወዳለችው ወፍጮ ሄደች። «እትዬ ወፍጮ፣ ንግግር አስተምሪኝ።»

«እኔ የማውቀው መፍጨት ነው። ያለሽን አምጪና እንየው» አለች ወፍጮ።

አህያ የበቅሎን ዘር፣ የሄደችበትን አገር፣ የተሸከመችውን ጨው ሁሉ ዘረገፈችው። ወፍጮም «ይሄ ገና ሽርክት ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። መልሺው» አለች።

ሁለተኛ መጣች። «ቀንዳችሁ ሰማይ የሚነካ፣ ኮቴያችሁ ምድር የሚያንቀጠቅጥ ክቡራን ሆይ!» ብላ ጀመረች። ወፍጮም «ይሄ ገለባ ነው፤ እፍ በይው» አለች።

ሦስተኛ መጣች። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «አንድ ቀን ጨው እንደጫንኩ ወንዝ ወሰደኝ» ብላ የሆነውን ነገረቻት። ወፍጮ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «ይሄ ላመ። በይ ሂጂ፤ ስትጀምሪ ብቻ እንዳታናፊ።»

የሸንጎው ቀን ደረሰ። አህያ መሐል ቆመች። ያን ሁሉ ዓይን ስታይ ያዘጋጀችው ቃል ጥሏት ጠፋ። ዳኛው አያ በሬ ጠበቃት፣ ጠበቃት፣ ሰለቸው።

«እመት አህያ፣ የምናመሰኳው እኛ ነን፤ አንቺ ምን ታኝኪያለሽ?» አላት። ሸንጎው ሳቀ።

አህያ ማናፋት ጉሮሮዋ ድረስ መጣባት። የወፍጮን ምክር አስታውሳ ዋጠችው። ፊቷን ከዳኛው ወደ በቅሎ አዞረች፤ የጉልበቷን ጠባሳ አየች።

«እመት በቅሎ፣ ወንዝ የወሰደኝ ቀን ከበታቼ ገብተሽ በጎንሽ ደገፍሽኝ። ድንጋይ ጉልበትሽን ሲፈልጠው ንቅንቅ አላልሽም። እኔ ዛሬ ቆሜ የምሄደው ያን ቀን አንቺ ስለቆምሽ ነው። እስካሁን ግን አመሰግናለሁ አላልኩሽም። አመሰግናለሁ። ሣሩ አነሰ ከተባለም ከእኔ ድርሻ ትብላ።»

ከሸንጎው መሐል አንዲት ላም «ጥጃዬ የጠፋ ቀን ፈልጋ ያመጣችልኝ እሷ ናት፤ እኔም አላመሰገንኳትም» አለች። «እኔም» አለች ፍየል። አያ በሬ አንገቱን ደፋ፤ እሱም ያላመሰገነው የበቅሎ ውለታ ነበረበት።

«በቅሎ በረቷን አትለቅም» ብሎ ፈረደ። በቅሎ አለቀሰች፤ አህያም አለቀሰች።

አህያ ወደ ወፍጮ ሮጠች። «እትዬ፣ አመሰግናለሁ።»

ወፍጮም «ይቺኛዋ ምስጋናስ ቶሎ መጣች» አለቻት።

ልጆቼ፣ በሰው ፊት ልትናገሩ ስትቆሙ ብዙ አትሸከሙ፤ አንዷን እውነት ደጋግማችሁ ፍጩና እሷን ይዛችሁ ቅረቡ። ተረቴም በገባችበት በር ወጣች፤ እናንተም ያላመሰገናችሁት ካለ ሳይመሽ ሂዱ።