ዳለቻና ባዶው ግንድ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ «የላም በረት» ያላችሁኝ ጠጋ በሉ።

በአንድ አገር ውሾች በየዓመቱ ይወዳደሩ ነበር። አጥር ይዘላሉ፣ ውስጡ ባዶ በሆነ የወደቀ ግንድ ውስጥ ሾልከው ያልፋሉ፣ ከዚያ ዳኛዋ አህያ ወደቆመችበት ድንጋይ ይሮጣሉ። ቀድሞ የደረሰ አጥንት ይሸለማል።

ነብሮ የሚባለው ፈጣን ውሻ ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል። ዘንድሮ ከጎኑ አሮጊቷን ዳለቻን ሲያያት ሳቁ አመለጠው።

«አምና ግንዱ አፍ ላይ ደርሰሽ የተመለስሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ዘንድሮስ አጥንት አማረሽ?»

«አጥንቱን ላንተ ትቼዋለሁ» አለችው። «ቡችላ ሳለሁ የጃርት ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሬ ሁለት ቀን ቆይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጨለማ ቀዳዳ ሳይ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እኔ የመጣሁት ለግንዱ ነው።»

ሩጫው ተጀመረ። ነብሮ እንደ ልማዱ ቀድሞ ደረሰ፤ አጥንቱን ነክሶ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ቆመ። ዞሮ ያየው ግን የለም። ሁሉም ግንዱን ከበዋል። ዳለቻ ከገባች ቆይታለች፤ አልወጣችም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አፍንጫዋ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ጆሮዎቿ፣ በመጨረሻም ጭራዋ። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። እሷ ግን ወደ ድንጋዩ አልሮጠችም፤ ዞራ እንደገና ግንዱ ውስጥ ገባች።

ነብሮም አብሮ መጮህ አማረው፤ አፉን ግን አጥንት ሞልቶታል። ግራ ቀኙን አየና አጥንቱን መሬት አስቀምጦ ጮኸ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦዬን ግን ለዳለቻ ስጡልኝ።