የተዘለለው ምዕራፍ

ወገኖቼ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ርዕሰ መምህር ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ከቅዳሴ የማይቀር፣ በሰበካ ጉባኤም የሚያገለግል።

በትምህርት ቤቱ ስንዱ የምትባል የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። አንድ ቀን ተማሪዎቿን ከከተማው ዳር ወዳለው ገደል ወስዳ፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የባሕር ቀንድ አውጣ አሳየቻቸው። «ከብዙ ብዙ ዘመን በፊት ይህ አገር ባሕር ነበር» አለቻቸው። ልጆቹም ለወላጆቻቸው አወሩ።

ብዙም ሳይቆይ የሰበካው ሽማግሌዎች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መጡ። አልተቆጡም፤ በእርጋታ ነው የተናገሩት።

«ልጆቻችንን ከእምነት እያስወጣችብን ነው። ስለ ጥንት ፍጥረታት የሚያወራውን ያንን ምዕራፍ ትዝለለው፤ አለዚያ ልጆቻችንን እናስቀራለን።»

ርዕሰ መምህሩ የተማረ ነው። መምህርቷ እውነት እንደምታስተምር ያውቃል። ያ ድንጋይ ከእምነቱ ያጎደለበት ነገር የለም። ይህንን ሊነግራቸው አይችልም ነበር? ይችል ነበር። ግን እሑድ ፊታቸውን እንዴት አያለሁ ብሎ ፈራ። ዝም አለ።

ስንዱን አስጠራት። «እባክሽ ዝለይው። ለሰላም ስንል።»

«ተማሪዎቹ ለምን ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

«ጊዜ አጠረን በያቸው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው። እኔና እርስዎ የምንሳለመው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

እሱ ግን ወሩ ሳያልቅ ወደ ሌላ ወረዳ እንድትዛወር አደረገ።

በቦታዋ የተተካው መምህር ምዕራፉን ዘለለ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፤ ሌላም ምዕራፍ ተዘለለ።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ የቀረ መምህር ተክቶ ክፍል ገባ። አስተምሮ ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እጁን ያነሳ የለም። የገዛ ልጁ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች፤ በጥያቄ ብዛት ቤቱን ታደክም የነበረች ልጅ፣ አንገቷን ደፍታ።

ወደ ቤት ሲሄዱ «ምነው ዝም አልሽ?» አላት።

«አባዬ፣ የትኛው ጥያቄ መምህር እንደሚያስባርር አላውቅም» አለችው።

ከማግስቱ ጀምሮ ስንዱን ለማስመለስ ወረዳ ተመላለሰ። እሷ ግን ማስተማሩን ትታው ነበር።

ወገኖቼ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች እነማን ናቸው? ከዚሁ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥተን ወደዚያ ቢሮ የሄድነው እኛ አይደለንም? ለማን ጠበቃ ሆነን ነው? ተራራውን የሠራ አምላክ፣ ልጅ ተራራውን ብትመረምር ይደነግጣል? የደነገጥነው እኛ ነን። ድንጋጤያችንንም እምነት ብለን ጠራነው።

እናንተስ፣ እውነቱን እያወቃችሁ ዝም ያላችሁ፣ ዝምታችሁ ማንን እያባረረ ነው?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ልጃችሁ የማታውቁትን ብትጠይቃችሁ «መምህርሽን ጠይቂ» በሏት። መምህሯም እዚያው እንድትገኝ ቁሙላት።