የፍየሎቹ ጥናት

ጋሽ ጥላዬ፣ በመጀመሪያ ለጽሕፈቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊደሌ ይንጋደዳል፤ የትኛው «ሰ» የት እንደሚገባም ይምታታብኛል። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደምንም ነው። ነገር ግን ትናንት ራት ላይ የጠየቁኝን በአፌ መመለስ ስላልቻልኩ በዚህ ወረቀት ልሞክር።

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የምስጥ ጥናትዎን ይስጡን እያለ እንደሚጨቀጭቅዎ፣ እርስዎ ግን ከአልጋዎ ሥር ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው እንዳስቀመጡት ሲያወሩ ነበር። «ይሰርቁኛል» አሉ። ቀጥለውም «ደግሞስ የምስጥ ነገር ለሐኪሙ ምን ይሠራለታል? ለሕግ አዋቂውስ? እስቲ ማሪቱ፣ አንቺ ብትሆኚ ትሰጫለሽ?» አሉኝ። እናቴ «እሷ እንኳን ጥናት፣ ጨው አቀብዪኝ ሲሏት የምትደነግጥ!» ብላ ሳቀች። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሰሃኑን ይዤ ወደ ማድቤት ሸሸሁ። መልሴ ይኸው ነው። በምሳሌ ያደረግኩት ትልቅ ሰው ፊት ለፊት አይወቀስም ብዬ ነው።

አንድ ሰው ነበረ። የከብት ሐኪም ነው፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ይህ ሰው በአንድ ቆላ አገር ፍየሎች ሆዳቸው እየተነፋ እያለቁ ነው ሲባል ሰማና ወረደ። ከፍየል ጠባቂዎቹ ጋር እየዋለ፣ የሞተችውን ፍየል ሆድ እየከፈተ፣ የሚግጡትን ቅጠል እየለቀመ ብዙ ጊዜ ደከመ። በመጨረሻም ደረሰበት። ፍየሎቹን የሚፈጃቸው በማሳ ዳር የሚበቅል፣ ሰማያዊ አበባ ያለው አረም ነበር። ፍሬው ጉበታቸውን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። ጉበት ሲደርቅ ደግሞ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ሰውየው ይህንን ሁሉ ጻፈ። የአረሙንም መልክ ከነፍሬው በእጁ ሥሎ አያያዘበት። ከዚያ በኋላ ቢሮው ውስጥ ባለው ቁም ሣጥን ቆለፈበትና ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባው የለፋበትን ጥናት ሌላ ሰው በራሱ ስም አውጥቶበት ሲንገበገብ አይቷል። ስለዚህ «መጀመሪያ ማዕረጌን ላግኝ» ይል ነበር። ማዕረጉ ደግሞ አልመጣም።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አንዲት ነገር የምታውቅ፣ ሰው የማትፈራ ሴት ነበረች። ቤተ መጻሕፍቱ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተስማምቶ፣ አንዱ ጋ የገባ ጥናት ሁሉም ጋ እንዲነበብ ተደርጓል። የእርሻው፣ የሕክምናው፣ የታሪኩ፣ የሕንፃው ሳይባል ሁሉም እዚያው ነው። ሴትዮዋ ሰውየውን በመንገድ ባገኘችው ቁጥር ታቆመዋለች።

«ዶክተር፣ የፍየሎቹን ነገር መቼ ነው የሚሰጡን?»

«ፍየል የሚያጠና ሰው ከመጣ ወደ እኔ ላኪው።»

«ፍየል የማያጠናውስ?»

«እሱ ምን ያደርግለታል? ስለ ፍየል ሆድ የሚያነብ መሐንዲስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ! እኔ የማውቀው ፍየሎቹ ራሳቸው እንደማያነቡት ነው። ታዲያ ለማን ብለው ጻፉት?»

አጠገባቸው የቆሙት በሳቅ ፈነዱ። ሰውየውም ሳቀ፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ግን ጨበጥ አደረገው።

እሱን እዚያው እንተወውና ወደ ሌላ አገር እንሂድ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ እጅግ ርቆ አንድ የማር አገር ነበረ። ሰዎቹ ጤፍ ይዘራሉ፤ ዛፉ ላይ ሁሉ ቀፎ ይሰቅላሉ። ታዲያ ከጊዜ በኋላ በማሳቸው ውስጥ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ሰማያዊ አበባ ያለው አረም በቀለ። ንቦቹ ወደዱት። ማሩም ያን ዓመት በረከተ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ጤፍ ሲያርሙ ሌላውን አረም ሁሉ ይነቅሉና እሱ ጋ ሲደርሱ «ተዪው፣ የንቦቹ ነው» ተባብለው ያልፉታል። ፍሬው የጤፍ ያህል ነው። ከጤፉ ጋር ይበስላል፤ ከጤፉ ጋር ይታጨዳል፤ ወንፊቱንም ከጤፉ ጋር አልፎ ወፍጮ ቤት ይገባል።

ቀስ በቀስም የሰው ሆድ ማበጥ ጀመረ። አንዱ ምንጩ ተበክሏል አለ። ሌላው ጎረቤቱን በክፉ ዓይን ጠረጠረና ሰላምታ ነሳው። ጠበል የሄዱም ነበሩ። እዚያ ትንሽ ሻል ይላቸዋል፤ የሚበሉት የሌላ አገር እህል ነዋ! ከዚያ ቤታቸው ይመለሱና መልሶ ያማቸዋል።

በዚያ አገር አንዲት ዓይን አፋር ልጅ ነበረች። የእሷም ሆድ ማበጥ ጀመረ። የሽማግሌ ሆድ ሲያብጥ ታመመ ይባላል። የሕፃን ሆድ ሲያብጥ ወስፋት ነው ይባላል። ያላገባች ልጅ ሆዷ ሲያብጥ ግን ታማ ይሆናል የሚል ሰው አይገኝም።

ልጅቷ ሰፊ መቀነት ፈልጋ ሆዷን አጥብቃ አሰረችው። በላዩም ላይ በጠራራ ፀሐይ ነጠላ ትደርብ ጀመር። ትንፋሽ ያጥራታል፤ ጎንበስ ማለትም አቃታት። ውሃ ስትቀዳ ከሰው ለመራቅ ሁሉም ቀድቶ እስኪሄድ ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ሴቶቹ ደረሱባት። አንደኛዋ ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻትና «አንቺ ልጅ፣ የዘንድሮ ጤፍ ተስማምቶሻል!» አለቻት። ሌሎቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ልጅቷ እንስራዋን በግማሽ ቀድታ ሄደች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ እቤት ገብቷል። እናትዋ በሩን ዘጋችና ፊት ለፊቷ ቆመች።

«የማን ነው?»

«የማንም አይደለም፣ እማ።»

«እና ከሰማይ ወረደ?»

«ምንም አላደረግኩም። በማርያም!»

«ማርያምን ከዚህ አውጪያት! አባትሽ ሳይሰማ ስሙን ብቻ ንገሪኝ። አልመታሽም። ስሙን ብቻ።»

ልጅቷ የምትነግራት ስም አልነበራትም። እናትየው ደግሞ ዝምታዋን እንደ መልስ ቆጠረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ሁለቱ ሴቶች ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር። ጤና ጣቢያ ትሂድ ያለም የለም፤ ጤና ጣቢያው ገበያው መሐል ነው።

በሌላ ከተማ ደግሞ አንዲት ወጣት ሐኪም ነበረች። ከዚያ ከማር አገር ሽማግሌዎችና ሕፃናት ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ ይመጡላታል። ጉበታቸው ደርቋል። የመጠጥ ነው እንዳትል፣ ሕፃን አይጠጣም። የወፍ በሽታ ነው እንዳትል፣ መርምራ አጥታዋለች። ውሃውን ትቀዳላቸዋለች፤ ሄደው መልሰው ያብጣሉ። የሕክምና መጻሕፍቱን አገላብጣ ጨረሰችና ተስፋ ቆረጠች።

እንግዲህ በዚያ ክረምት የፍየሎቹ ሰው የቢሮ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ።

ሌላ ምንም አይደለም። ዝናብ ነው። ጠብታው ቁም ሣጥኑ ላይ እያረፈ ውስጥ ገባና የወረቀቱን ዳር አረጠበው። ሰውየው ጠዋት ከፍቶ ሲያይ ክው አለ። ጣሪያው የማያፈስ ሕንፃ ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ነው። ጥናቱን ካፖርቱ ውስጥ አቅፎ፣ ራሱ እየበሰበሰ ሮጠ።

«ጣሪያዬ እስኪጠገን ያዙልኝ» አላት ሴትዮዋን።

ሴትዮዋ የረጠበውን ወረቀት ተቀበለችና «ዶክተር፣ እዚህ የእንግዳ ማረፊያ የለንም። የገባ ይነበባል። ካልሆነ ይኸው ዣንጥላ፣ ይዘውት ይመለሱ» አለችው።

ሰውየው ወደ ዝናቡ አየ። ወደ ወረቀቱ አየ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል እንደሚል ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«በይ ይነበብ» አለ።

ያደረገው ይህንኑ ብቻ ነው። ልቡ በደግነት ስለተነካም አይደለም፤ ጣሪያው ስላፈሰሰ ነው። ሴትዮዋ ወረቀቱን አደረቀችው፤ በሌሎቹም ቤተ መጻሕፍት እንዲነበብ አደረገችው።

ዝናቡ ቆሞ መኸር ሲደርስ ወጣቷ ሐኪም ለመጨረሻ ጊዜ ብላ በራሷ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስለ ደረቀ ጉበትና ውሃ ስለ ቋጠረ ሆድ ጠየቀች። በሰው ጥናቶች መሐል አንድ የፍየል ጥናት ወጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚሠራው ሰው «ይሄ ተሳስቶ ነው መሰለኝ ዶክተር፣ የፍየል ነው» አላት። እሷም ልትተወው ነበር። ሥዕሉ ላይ ግን የጤፍ ያህል የሆነውን ፍሬ አየችና ቁጭ ብላ ማንበብ ጀመረች። አንብባ ስትጨርስ መኪና ፈለገች።

ወደ ማሩ አገር የደረሰችው ሰዉ አውድማ ላይ ተሰብስቦ ጤፍ ሲወቃ ነው። ማንንም ሳታናግር በቀጥታ ወደ ማሳው ዳር ሄደች፤ ሥዕሉን አየች፤ አበባውን አየች፤ ከሥሩ ነቅላ ይዛው መጣች።

«ይህንን ታርሙታላችሁ?»

አንድ ሽማግሌ ደንግጠው «ኧረ ልጄ ምን በደለሽ? የንቦቹ እኮ ነው!» አሏት።

ሐኪሟ ነጭ ጨርቅ አነጠፈችና የተወቃውን ጤፍ በተነችበት። ከጤፉ መሐል ጠቆር ጠቆር ያለውን ፍሬ በጣቷ እየለየች በአንድ ወገን ከመረችው። «ሰውን እያሳበጠ ያለው ይህ ነው» አለች። ሰዉ ከበባት። ያን ጊዜ ከሁሉ ኋላ፣ በዚያ ሙቀት ነጠላ ተከናንባ የቆመች ልጅ አየች። በእጇ ጠራቻት። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን ሰዉ ሁሉ ገለል ብሎ መንገድ ሰጣት። ሐኪሟ ሆዷን በልብሷ ላይ በጣቶቿ እየደበደበች አዳመጠች።

«ውሃ ነው» አለች ሐኪሟ። «የእሷም ውሃ ነው። ጉበቷ ነው የታመመው።»

እናትየው መጣችና ያንን መቀነት በገዛ እጇ ፈታችው። መቀነቱ በወገቧ ዙሪያ ሰንበር ጥሎ ነበር። እናት ሰንበሩን ዳበሰችና ወደ ሰዉ ዞራ «ውሃ ነው! ሰማችሁ? ውሃ ነው የተባለው!» ብላ ጮኸች። እልልም አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ያቺ የጤፉን ነገር የተናገረችው ሴት ከሁሉም ይልቅ ረዘም አድርጋ እልል አለች፤ ዓይኗን ግን ቀና አላደረገችም። ጉበትሽ ታሟል ተብላ እልል የተባለላት ልጅ በዓለም ላይ ከእሷ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ልጅቷም ሆዷ እንዳበጠ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ስንት ጊዜ ያጣችውን አየር እስኪበቃት ሳበችው።

ከዚያ በኋላ አረሙ ተነቀለ። ሰዉ የሌላ አገር እህል እየበላ ከረመ። በጊዜ የተደረሰላቸው ሆዳቸው እየጎደለ ዳኑ፤ የዘገየባቸው ሽማግሌዎች ግን ነበሩ። ንቦቹም ሌላ አበባ አላጡም።

ጋሽ ጥላዬ፣ ይህ ሰው እርስዎን ይመስላል። ቁም ሣጥኑ ከአልጋዎ ሥር ያለው ሳጥን ነው፤ ፍየሎቹም ምስጦችዎ ናቸው። ሰውየው ፍየል አጠናሁ ብሎ ነበር፤ ያጠናው ግን የአንዲትን ልጅ ሆድ ነው። እሱ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። እርስዎም ምስጦቹ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ማንስ እየጠበቀው እንደሆነ ብቻዎን ሆነው ሊያውቁ አይችሉም። የሚያውቀው የጨነቀው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ሳጥንዎን መክፈት አይችልም። ይሰርቁኛል ያሉትንም አስቤበታለሁ። ሐኪሟ አውድማው ላይ ሁሉንም ነገር ስታስረዳ «ይህን ያገኘው እገሌ የሚባል ሰው ነው» ብላ ስሙን ጠራች። ሽማግሌዎቹም ስሙን እየጠሩ መረቁት። እሱ አልሰማም እንጂ በዚያ አገር ዛሬም ይመረቃል። ቁም ሣጥን ውስጥ እንደቆለፈው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ግን ስሙን የሚያውቅለት ዝናቡ ብቻ ነበር።

ስለዚህ እኔ ብሆን እሰጣለሁ።

ምሳሌ ነው አልኩ እንጂ ልጅቷ እኔ ነኝ። የፍየሎቹን ሰው ነገር ሐኪሟ ስታክመኝ ካወራችልኝ ላይ እኔ ጨማምሬበት ነው። ወደዚህ ከተማ የመጣነው ከዳንኩ በኋላ ነው። ይህንን እናቴም ታውቀዋለች። እሷ የማታውቀው ግን ሐኪሟ የመጣች ዕለት ጠዋት ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ ከቀፎው ዛፍ ሥር ደብቄ እንደነበር ነው። ከሰዓት በኋላ ከሰል ጭኖ በሚያልፈው መኪና ልጠፋ ነበር፤ ወዴት እንደምሄድ እንኳ አላውቅም። እልልታው ሲበርድ ማንም ሳያየኝ ሄጄ ፌስታሉን ፈታሁና ልብሴን ወደ ነበረበት መለስኩት። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።