ፍርሃት ፍለጋ የወጣው ደቦ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

«እንግዲያ በረቱን ዝጉና ጠጋ ጠጋ በሉ።»

በድሮ ዘመን ጠጅቱ የምትባል ሴት ከታናሽ ወንድሟ ከቢያድግልኝ ጋር ትኖር ነበር። ቢያድግልኝን ፍርሃት ያዘው። የሚያሳድደው አውሬ የለም፤ የተጣላውም ሰው የለም። ብቻ ደጃፉን ሊሻገር ሲል ልቡ ይደልቃል፣ ተመልሶም ይቀመጣል። ጤፋቸው ደግሞ ደርሷል። ሳይታጨድ ዝናብ ከመጣ ይረግፍና ዓመቱን ጦም ያድራሉ።

ጠጅቱ ጠላ ጠምቃ ደቦ ጠራች። ሰውም ማጭድ ማጭዱን ይዞ መጣ። የመንደሩ ሹም አያ ጎበዜ ግን ፦

«ጤፉ የት ይሄዳል! መጀመሪያ የልጁን ፍርሃት እንጨድ» አሉና ደቦውን ይዘው ቤት ገቡ።

«አንተ! ምኑን ነው የምትፈራው?»

«እኔም አላውቀው፣ አያ።»

«በቃ፣ አትፍራ!»

ደቦውም ባንድ ድምፅ «አትፍራ!» ብሎ ጮኸ። ቢያድግልኝ ደንግጦ ከመደቡ ወደቀ።

«አያችሁ? እዚሁ ቤት ተደብቋል!» አሉ አያ ጎበዜ።

ከዚያም ፍለጋ ተጀመረ። ጎተራው ተፈተሸ። አልጋው ተገለበጠ። የጠላው ጋንማ እስከ አተላው ተመረመረ። ሲመሽ «አባረርነው!» እያሉ፣ እየዘፈኑ ሄዱ። ጤፉ እንደቆመ ነው።

ጠጅቱ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። አትፍራ አላለችውም።

«ነገ እስከ ደጃፉ ብቻ አብረን እንሂድ» አለችው።

«ፍርሃቱ ቢከተለኝስ፣ እታለም?»

«ይከተልሃ! መጥቶ ነዶ ይሸከም።»

ቢያድግልኝ ሳያስበው ሳቀ።

በማግስቱ እጇን ጨብጦ ደጃፉን ተሻገረ። ላብ አጠመቀው፤ ቆሙ። ከዚያም እስከ ዋርካው ሄዱና ቆሙ። እንዲህ እያሉ ማሳው ደረሱ። ቢያድግልኝ ቀና እያለ ዙሪያውን ያያል፤ ጤፉ ግን ይወድቃል። ሲያጭዱ ሰነበቱና ደመናው ሲጠቁር የመጨረሻው ነዶ ተከመረ።

ይኼኔ አያ ጎበዜ ደቦውን አስከትለው መጡ።

«ፍርሃትህን እንዴት እንዳባረርንልህ አየህ? ጠላው የታለ?»

«ኧረ አልሄደም፣ አያ» አለ ቢያድግልኝ። «ይኸው ከጎኔ ተቀምጧል።»

አያ ጎበዜ ማጭዳቸውን ጥለው ፈረጠጡ። ደቦውም እየተገፋፋ ተከተላቸው። ቢያድግልኝ አቧራቸውን እያየ ፦

«እታለም፣ እነሱንስ እስከ ደጃፋቸው የሚሸኛቸው ሰው አለ?» አለ።

ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ። እኔ እንደ አያ ጎበዜ ጋን አልመረምርም፤ ቁራሽ ዳቦ ብታቀምሱኝ ይበቃኛል።