ጠበቅ ወይስ ላላ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ያላለኝ አይስማኝ።

ልጆቹን የገና ጨዋታ የሚያሠለጥን አንድ ቁጡ ዝንጀሮ ነበር። የሜዳውን ወሬ በጥፍሩ ድንጋይ ላይ የሚጽፍ ግትር ቁራም ነበር። ልጆቹ ከጦጣዎች ጋር በሚጋጠሙበት ቀን ጠዋት፣ ቁራው «የዝንጀሮዎች ጨዋታ ገና ነው» ብሎ ጻፈ።

ዝንጀሮው «ገና»ን አላልቶ አነበበና ደሙ ፈላ። ልጆቹን ሜዳ ላይ ትቶ ሄደበት።

«ልጆቼ አልበሰሉም ትላለህ? ለመሆኑ አንተ ዱላ ጨብጠህ ታውቃለህ?» አለው።

«ጋሼ፣ አጥብቀው ያንብቡት እንጂ» አለ ቁራው። «ሩር በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ስሙ ገና አይደለም እንዴ?»

«የጠበቀበትን አሳየኛ።»

ቁራው ድንጋዩን ዞሮ ዞሮ አየው። ምልክት የለውም። ቆይቶ ምን ሊል እንደነበር ለራሱም ተምታታበት፤ ግን ንቅንቅ አላለም። ተመልካቹ ሁሉ ሜዳውን ትቶ ከበባቸው፤ እኩሉ «ይጠብቃል»፣ እኩሉ «ይላላል» እያለ ተፋጠጠ። በመጨረሻ ለዳኝነት የተጠራችው ኤሊ፣ ግራ እንደገባት፣ «ስለ ልጆቹ ከአሠልጣኙ በላይ ማን ያውቃል? ይላላ» ብላ ፈረደች።

ዝንጀሮው በመርታቱ ደረቱን ነፍቶ ወደ ሜዳው ወረደ። የሚያሰልፋቸው ያጡት ልጆቹ፣ ጦጣዎቹ ሩሯን በላይ በላዩ ሲያስገቡባቸው ውለው፣ ዱላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ቁራው ስለ እኛ ምን ብሎ ጻፈ?» አሉት።

ዝንጀሮው ልጆቹን አየ፤ ዞሮ ድንጋዩን አየ።

«ገና ነው» አለ፣ አላልቶ።